ጋጣ ድረስ የወረደው አዋጅ፦ የብሪታንያ የከሰል ጉድጓድ ፈረሶች ከ1911 ወዲህ

በ1913 ብሪታንያ 287 ሚሊዮን ቶን ከሰል አወጣች፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያን ያህል አውጥታ አታውቅም (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት 70,000 ገደማ ፈረሶችና ድንክ ፈረሶች ከመሬት በታች ይሠሩ ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1911፣ የከሰል ማዕድን አዋጅ ጸድቆ ነበር፤ በሦስተኛው አባሪውም ስለነዚሁ ፈረሶች አንድ በአንድ ደነገገ። ይህ ጥናት የሚመለከተው ያንን አባሪ ነው፦ ምን አዘዘ፣ በጉድጓዱ ውስጥ እንዴት ይሠራ ነበር፣ የት ላይ ከሸፈ። የኛ አቋም ግልጽ ነው። አባሪው በሚለካና በሚጻፍ ነገር ላይ ባተኮረበት ቦታ ሁሉ ሠርቷል፤ የሠራተኛውን ደመወዝና የፈረሱን የሥራ ሰዓት በተመለከተ ግን እጁ አልደረሰም፣ ፈረሱ የሚጎዳውም በአብዛኛው በዚያ በኩል ነበር።

ፈረስ ወደ ጉድጓድ የገባው በ1911 አይደለም። በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ፣ በደርሃም የከሰል አካባቢ፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ነበር። ቁጥሩ ያሻቀበው ግን የ1842ቱ አዋጅ ሴቶችን፣ ልጃገረዶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከከለከለ በኋላ ነው። ከሰሉን በርካሽ ይጎትቱ የነበሩት እነሱ ነበሩና ባለማዕድኖቹ ምትክ ፈለጉ። የሰው ልጅን ለማዳን የወጣ ሕግ ሸክሙን ወደ እንስሳ አዞረው ማለት ነው። ይህን ስንል ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቀጣዩ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ ለማሳየት ነው።

ቁጥጥሩም ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከ1843 ጀምሮ ሲሞር ትሬመንሂር ብቻውን የማዕድን ኮሚሽነር ሆኖ ሠራ፤ በ1850 በወጣው አዋጅ አራት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ፤ ስለ ፈረስ ግን አንድም ቃል አልነበረም። ፈረሱ በአገር አቀፍ ሕግ ውስጥ የተጠቀሰው በ1887 ነው። ያ አዋጅ ሁለት ነገር አደረገ። ተቆጣጣሪው ስለ ፈረሶቹ አያያዝ እንዲመረምር ሥልጣን ሰጠው፤ ፈረስ የሚያልፍበት መንገድም እንስሳው ራሱንም ሆነ ዕቃውን ከጣሪያና ከድጋፍ እንጨት ጋር ሳያሽ የሚያልፍበት ስፋትና ቁመት ይኑረው አለ።

ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ሲያነቡት ቀላል ይመስላል፤ ከመሬት በታች ግን ከሁሉም የከበደው እሱ ነው።

የጀርባ ቁስል ምን ይናገራል

በሰሜን ምሥራቁ ቀጫጭን የከሰል ንብርብሮች የሚሠራ ድንክ ፈረስ እስከ ትከሻው አንድ ሜትር ከምናምን ነው። በደቡብ ዌልስ ንብርብሩ ወፍራም ስለሆነ ትላልቅ ፈረሶች ይጠቀሙ ነበር። ፈረሱ የሚመረጠው በመንገዱ ቁመት ነው፤ ችግሩ መንገዱ ቁመቱን ይዞ አለመቆየቱ ነው። ከሰሉ ከወጣ በኋላ ከላይ ያለው ድንጋይ ይጫናል፤ የጣሪያው አግዳሚ እንጨት ይጎብጣል፤ ወለሉ ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ሐዲዱ ባበጠው ወለል ላይ እንደገና ሲነጠፍ ፈረሱ የሚረግጠው ቦታ ሌላ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። መንገዱ በተከፈተበት ቀን ሕጉን ያሟላ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ያው መንገድ ሕገወጥ ነው፤ ማንም ምንም ሳይነካው።

ፈረስ ከባድ ነገር ሲጎትት፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን ይቆልላል። ቆሞ ሲለካ የሚያልፍበት ጣሪያ ሲጎትት አያሳልፈውም። መጀመሪያ ጠጉሩ ይላጣል፣ ከዚያ ቆዳው፣ ከዚያ ገጣባ ይሆናል። ይህ ገጣባ በጭነት ከሚመጣው የሚለየው መዳን የማይችል መሆኑ ነው፤ በየምልልሱ ያው አግዳሚ እንጨት ያነሳዋል፣ የከሰል ትቢያም ይሞላበታል።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ መንገዱን ከማየቱ በፊት ጋጣ ይገባል። ቁስሉ ያለበት ቦታ የጥፋቱን ምንጭ ይነግረዋል። አከርካሪው ላይ ተከታትሎ የተላጠ ከሆነ ጣሪያው ዝቅ ብሏል። ትከሻው ሥር ወይም አንገቱ ላይ ከሆነ የመጎተቻው የአንገት ትራስ አልገጠመውም፤ ብዙ ጊዜም የሌላ ፈረስ ዕቃ ተጭኖበታል ማለት ነው። ዳሌው ጎን ላይ ከሆነ መንገዱ ጠቧል ወይም የድጋፍ ምሰሶው ወደ ውስጥ ገብቷል። ቋንጃው ላይ ያለ ቁስል ደግሞ ፉርጎው ቁልቁለት ላይ ከኋላ እየደረሰበት መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ወደ መንገዱ ይሄድና ፋኖሱን ወደ አግዳሚዎቹ ያነሳል፤ ጠጉር የተጣበቀበት እንጨት ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

መፍትሔው ጣሪያውን መፈለጥ ወይም ወለሉን መቆፈር ነው። ሁለቱም ከሰል የማያስገኝ ጉልበት ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ያዘገየዋል። ርካሹ መንገድ አጠር ያለ ፈረስ ማምጣት ነው። የጀርባው ገጣባ ይጠፋል፤ ትንሹ ፈረስ ግን ያንኑ ግማሽ ቶን ገደማ ከሰል የሚይዝ ፉርጎ ይጎትታል፣ ጉዳቱም ከጀርባ ወደ ጅማትና ወደ መገጣጠሚያ ይዞራል። ደንቡ በወረቀት ተሟልቷል፤ ለዚህ ነው ቁመት ብቻውን በቂ መለኪያ የማይሆነው።

አባሪው ያዘዛቸው ነገሮች

ከ1906 ጀምሮ የተቀመጠው የንጉሣዊ ኮሚሽን የፈረሶቹንም ጉዳይ መርምሮ ነበር። ከውጭም ግፊት ነበረ፤ ለእንስሳት የሚቆረቆሩ ማኅበራት ይጮሁ ነበር፤ በጊዜው ዝነኛ የነበረው ስኮትላንዳዊ ዘፋኝ ሃሪ ላውደር፣ ራሱም በልጅነቱ የማዕድን ሠራተኛ የነበረ፣ ጉዳዩን ለዊንስተን ቸርችል አንሥቶለታል። ውጤቱ አንቀጽ 109 እና ሦስተኛው አባሪ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜ፤ ከአራት ዓመት በታች የሆነ ፈረስ ወደ ጉድጓድ አይወርድም። ዕድሜ በሻጭ ቃል አይታመንም፤ በጥርስ ይታያል። የፈረስ መካከለኛ የፊት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፣ ቀጥለው ያሉት በሦስት ተኩል፣ የዳር የዳሮቹ በአራት ተኩል። አራት ዓመት የሞላው ፈረስ ከላይም ከታችም አራት አራት ትልልቅ ጥርስ ይኖረዋል፤ የዳሮቹ ገና የወተት ናቸው። ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ብቻ ከተቀየረለት ሦስት ተኩል እንኳ አልሞላውም፣ ይመለሳል። የዕድሜ ወሰኑ ያለምክንያት የተቀመጠ አይደለም፤ አጥንቱ ሳይጠነክር ከባድ ጭነት የጎተተ ፈረስ በለጋነቱ ያነክሳል።

ቀጥሎ የግላንደርስ ምርመራ። ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ከአፍንጫ መግል ያስወርዳል፣ ሳንባ ውስጥና ቆዳ ሥር እባጭ ያወጣል፣ ወደ ሰውም ተላልፎ ይገድላል። በአንድ ገንዳ የሚጠጡ፣ በአንድ አየር የሚተነፍሱ ፈረሶች ያሉበት የጉድጓድ ጋጣ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። ምርመራው ከራሱ ከባክቴሪያው በተዘጋጀ ማሌይን በሚባል ፈሳሽ ይደረጋል። በዚያን ጊዜ የተለመደው ከቆዳ ሥር ወግቶ ሙቀቱን በየተወሰነ ሰዓት መለካትና የተወጋበትን ቦታ እብጠት ማየት ነበር፤ በኋላ የተለመደው 0.1 ሚሊ ሊትር በታችኛው የዓይን ቆብ ቆዳ ውስጥ ወግቶ በ24 እና በ48 ሰዓት ማንበብ ነው። የዓይን ቆቡ ካበጠና ዓይኑ መግል ካወረደ ፈረሱ በሽታው አለበት። ብሪታንያ በ1928 ግላንደርስን ከአገሯ አጠፋች፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት አጠቃላዩ የእንስሳት በሽታ ሕግ ቢሆንም የጉድጓዱ በር ላይ የተደረገው ምርመራ አንዱን የመደበቂያ ቦታ ዘግቷል። በነገራችን ላይ በኢትዮጵያ ከተሞች የጋሪ ፈረሶች እግርና አንገት ላይ ተሰልፎ የሚወጣው እባጭና ቁስል ከቆዳ ግላንደርስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ያ ግን በፈንገስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል በቤተ ሙከራ ወይም በማሌይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ትእዛዝ ከሁሉም ብልህ ይመስለናል፤ ለ15 ፈረስ ቢያንስ አንድ ብቁ ባልደራስ። ቁጥሩን በሥራ ሰዓት ብንፈትነው ትርጉሙ ይገባል። ከፈረቃ በፊት ለአንድ ፈረስ መኖ ማቅረብ፣ ማጠጣት፣ አራቱንም ሰኮና አንሥቶ ማየት፣ ጀርባና ደረቱን መዳሰስ፣ ዕቃውን ማጥበቅ ብንፈጥን አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። አሥራ አምስት ፈረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሠላሳ ቢሆኑ አምስት ሰዓት ይሆናል፤ ያኔ ምርመራው ቀርቶ ጭራቸውን እያዩ ማሳለፍ ይሆናል። «በሚገባ ይመርመር» የሚል ሕግ ይህን አያስገኝም፤ ቁጥሩ ግን ያስገድዳል።

ባልደራሱ በየቀኑ እያንዳንዱን ፈረስ አይቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ዕውር ፈረስ አይሠራም። መድኃኒት፣ ቅባትና ማሰሪያ በቅርብ ይቀመጣል። መኖና ንጹሕ ውኃ በበቂ ይቀርባል። ጋጣው ይጸዳል፣ ግድግዳና ጣሪያው በኖራ ይቀባል፤ ኖራው ነፍሳትን ከመቀነሱ በላይ በደካማ ብርሃን ቁስልና ደም ወዲያው እንዲታይ ያደርጋል።

ስለ ዕውርነት ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር አለ፤ ጨለማው ፈረሱን ያሳውራል ይባላል። ጨለማ ብቻውን አያሳውርም። ዓይን የሚጠፋው በተንጠለጠለ እንጨትና ሽቦ፣ ከጣሪያ በሚወድቅ ስባሪ፣ በትቢያ ምክንያት በሚመጣ ቁጣና ባልታከመ ቁስል ነው። ለዚህ ነው ከቆዳ የተሠራ የግንባርና የዓይን መከለያ የሚያስፈልገው። ዕውሩ መንገዱን በልምድ ስለሚያውቅ «ችግር የለውም» ይባል ነበር፤ እውነትም መንገዱ ሳይቀየር ይሠራል። አንድ ምሰሶ ሲዛነፍ ግን መጀመሪያ የሚጋጨው እሱ ነው፣ ከኋላው ያለው ነጂ ልጅም አብሮ ይጎዳል።

ከመሬት በታች የማይሠራ አንድ ተራ ነገር ደግሞ የብረት ጫማ ነው። ጋዝ ባለበት ጉድጓድ እሳት አይነደድም፤ ስለዚህ ቀጥቃጩ የእያንዳንዱን ፈረስ የሰኮና ልክ ይዞ ብረቱን ላይ ቀርጾ ያወርዳል፣ ታች በቀዝቃዛው ይመታል። በትኩሱ የሚገጠም ብረት ሰኮናውን አቃጥሎ ልኩን ያገኛል፤ በቀዝቃዛው የሚገጠመው ግን ልኩ ትንሽ ከሳተ በጥቂት ቀን ይላላል፣ ሐዲድ መካከል ይነቀላል። የፈረሱ ሰኮና አድጎ ልኩ ያልታደሰለት ፈረስ ማንከሱ አይቀርም።

አየርና እሳት

አባሪው ጋጣው ንጹሕ አየር ያግኝ ይላል፤ ንጹሕ አየር ማለት ከላይ ገና የገባው፣ የሥራ ቦታ ያልደረሰው ነው። ስለዚህ ጋጣው አብዛኛውን ጊዜ በመውረጃው ጉድጓድ ግርጌ አጠገብ ይሠራል። ለፈረሱ ጥሩ ነው። ጋጣ ግን በድርቆሽ የተሞላ ቤት ነው፤ በመግቢያ አየር ላይ ከተቃጠለ ጭሱ በሙሉ ወደ ሠራተኞቹ ይነፍሳል።

ይህ ግምት አይደለም። ኖቬምበር 13 ቀን 1909 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ቸሪ በተባለች ከተማ፣ ለበቅሎዎች ድርቆሽ የጫነ ፉርጎ በኬሮሲን መብራት ተቀጣጠለ። የኤሌክትሪክ መብራቱ ተበላሽቶ ነበርና በምትኩ የተሰቀለ መብራት ነው። እሳቱ ቶሎ ትኩረት አላገኘም፤ 259 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ለፈረስ ደኅንነት የሚወጣ ደንብ ከሰው ደኅንነት ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም። በሥራ የሚያዋጣው አሠራር ጋጣውን በጡብ ወይም በድንጋይ መሥራት፣ ድርቆሹን ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ ማውረድ፣ ክፍት መብራት ማስቀረት፣ ከጋጣው የሚወጣውን አየር ደግሞ ወደ ሥራ ቦታ ሳያዞሩ በቀጥታ ወደ መውጫው መስመር መምራት ነው። የመጨረሻው ወጪ ያስከትላል፤ ለጋጣ ብቻ የተለየ የአየር መስመር ይጠይቃል።

መዝገቡ የማይናገረው

የዕለት መዝገብ ጥሩ የሚሆነው እውነት ሲጻፍበት ነው። ለሦስት ወር በየቀኑ «ደኅና»፣ «ደኅና»፣ «ደኅና» የሚል መዝገብ ከባዶ ወረቀት አይሻልም። ሃምሳ ፈረስ ባለበት ጉድጓድ አንድም ፈረስ ያልታመመበት ወር የለም፤ ስለዚህ እንከን የሌለበት መዝገብ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሣል። ማረጋገጫው ሦስት ነው። ከመዝገቡ ላይ አምስት ስም መርጦ ፈረሶቹን እዚያው ማየት፤ የጠገገ ቁስል ዕድሜውን ስለሚናገር መዝገቡ በዚያ ሳምንት ምን እንዳለ ማወዳደር። የቅባትና የማሰሪያ ፍጆታን መጠየቅ፤ ቁስል ከሌለ መድኃኒቱ የት ሄደ? ከሁሉም የሚበልጠው የፉርጎ ቆጠራው ነው። የክፍያ ቢሮው በየፈረቃው ስንት ፉርጎ እንደወጣ በትክክል ያውቃል፤ ገንዘብ ስለሆነ አይዋሽም። ቆጠራው ለፈረሶቹ ሲካፈል ማን ከአቅሙ በላይ እንደሠራ ይወጣል።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ፉርጎ የሚነዱት ፑተር የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ፤ የ1911ዱ አዋጅ ራሱ ከመሬት በታች የሚሠራ ልጅ ዝቅተኛ ዕድሜን 14 አድርጓል። ክፍያቸው በፉርጎ ብዛት ነው። ፉርጎ ሲቆም ደመወዝ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ በፉርጎው መንኮራኩር ክፍተት አጭር እንጨት ሽጦ ማገድ ያስፈልጋል፤ መሻጥና መንቀል በየምልልሱ ጊዜ ይወስዳል። ልጁ እንጨቱን ሲተው ግማሽ ቶኑ በዘንጎቹ አማካይነት ፈረሱ ላይ ይመጣል፤ ከላይ የጠቀስነው የቋንጃ ቁስል ከዚህ ነው የሚመጣው። ፈረሱ አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ በቁልቁለቱ አፋፍ ይቆማል፣ አልሄድም ይላል፤ ልጁ ይመታዋል። የተቆጣጣሪው ሪፖርት «ነጂው ፈረስ መታ» ይላል።

ያው በ1911 በአጠቃላይ እንስሳትን የሚጠብቅ ሌላ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ መምታትን፣ ከአቅም በላይ ማሠራትንና ማሠቃየትን ወንጀል ያደረገ። ከመሬት በላይ፣ መንገድ ላይ ለሚገረፍ ፈረስ ጥሩ ሕግ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ግን ምስክር ይፈልጋል፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ምስክር ደግሞ ሌላው ነጂ ነው። ክሱም የሚያርፈው በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ ነው፤ የክፍያውን ሥርዓት ያወጣውና መንገዱን ያልፈለጠው ሰው ላይ አይደለም። በእኛ እይታ አባሪው ከጭካኔ ክልከላው የተሻለው በዚህ ነው፤ ጣሪያው፣ ባልደራሱ፣ ጋጣው ኃላፊነታቸው የባለማዕድኑና የሥራ አስኪያጁ ናቸው።

የሥራ ሰዓት ሌላው ቀዳዳ ነው። በ1908 የወጣው ሕግ ለማዕድን ሠራተኛ በቀን የስምንት ሰዓት ወሰን አበጀ። ሰውየው ስምንት ሰዓቱን ጨርሶ ሲወጣ ተተኪው ይገባል፤ ፈረስ ባነሰበት ቀን ያው ፈረስ ከሁለተኛው ነጂ ጋር ይቀጥላል። ሁለቱም ነጂዎች ሕግ አልጣሱም፣ ሁለቱም ፈረሱን ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የነዱት። መዝገቡ ላይ ከጋጣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ካልተጻፈ ድርብ ፈረቃው አይታይም።

በዓመት ፈቃድ ሳምንትና በአድማ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ1926ቱ ረጅም የሥራ ማቆም ጊዜ፣ ፈረሶቹ ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። ሰው በደስታ የሚያየው ነገር ነው፤ ለባልደራሱ ግን አደገኛው ሳምንት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተከተፈ ድርቆሽና በቆሎ ሲበላ የኖረ ሆድ በድንገት ለምለም ሣር ሲያገኝ ቁርጠት ይይዘዋል፣ ሰኮናው ውስጥም ይቆጣል። ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ ድርቆሽ አብልቶ በቀን ለአጭር ሰዓት ብቻ መልቀቅና በየቀኑ መጨመር ነው። የፈቃዱ ሳምንት ግን ለዚህ አይበቃም።

ቁጥሩ የቀነሰው በሕጉ አይደለም፤ በማጓጓዣ ቀበቶና በገመድ ጎታች ሞተር ነው። በ1947 ማዕድኖቹ ወደ መንግሥት ሲዞሩ 21,000 ገደማ ቀርተው ነበር። ሥራቸውም እየተቀየረ ሄደ፤ ከሰል መጎተቱን ትተው እንጨት፣ ሐዲድና ዕቃ ማመላለስ ላይ ዋሉ። በዚህ ሥራ በፉርጎ ብዛት መክፈል ስለማይመች የፍጥነቱ ግፊትም ቀነሰ፤ ደንብ ያልቻለውን የሥራው ዓይነት አቃለለው። የ1954ቱ የማዕድንና የድንጋይ ማውጫዎች አዋጅ የ1911ዱን ሲተካ የፈረሶቹ ደንብ በ1956 ለብቻው ወጣ። በ1984 በመንግሥት ማዕድኖች የነበሩት 55 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ በኖርዘምበርላንድ፣ በኤሊንግተን። ከዚያ የወጡት የመጨረሻዎቹ በ1994 ነው። በዌልስ፣ ፖንቲፑል አጠገብ፣ ፓንት ይ ጋሴግ በተባለ አነስተኛ ማዕድን ሮቢ የሚባለው ፈረስ እስከ ሜይ 1999 ሠርቷል።

አባሪው ፈረሱ ከመውረዱ በፊት ስላለው ያውቃል፣ ታች እያለ ስላለውም ያውቃል። አዋጁ ግን የማዕድን አዋጅ ነውና ፈረሱ ከጉድጓዱ አፍ በወጣ ቅጽበት ተቆጣጣሪው ሥልጣኑ ያልቃል። ያረጀ ወይም ያነከሰ ፈረስ ለማን እንደሚሸጥ፣ በምን ዋጋ፣ ለምን ሥራ፣ የባለንብረቱ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የዕለት መዝገቡም «ተሰናበተ» ከሚለው መስመር አያልፍም።